ቡና ሳሎን ውስጥ፦ ቅጠሉ ለምን ይደርቃል? መቼስ ያፈራል?

ጥያቄው ብዙ ጊዜ የሚመጣው በፎቶ ነው። የቡና ችግኝ መስኮት ዳር ተቀምጧል፣ ቅጠሎቹ ቡናማ እየሆኑ ደርቀዋል፣ ከፎቶው ስር ደግሞ «በየቀኑ ውሃ አጠጣዋለሁ፣ ፀሐይም በደንብ ያገኛል፣ ታዲያ ምን ሆኖብኝ ነው?» የሚል ጽሑፍ አለ። መልሱ እዚያው ጥያቄው ውስጥ ነው። በየቀኑ የሚጠጣው ውሃና ቀኑን ሙሉ የሚያርፍበት ፀሐይ ናቸው የጎዱት።

ቡናን ቤት ውስጥ ማሳደግ ያን ያህል ከባድ አይደለም። ችግሩ አብዛኞቻችን ቡናን ከሲኒው እንጂ ከጫካው አናውቀውም። እዚህ የማወራው ስለ አረቢካ ነው፤ አገር ቤት ስለምንጠጣው። የዱር ቡና ዛሬም በከፋ፣ በሸካ፣ በቤንችና በኢሉባቦር ጫካዎች ውስጥ ይበቅላል። ከላይ ዋንዛው፣ ብርብራው፣ ሳሳው ተንሰራፍቷል፤ ቡናው ከስር ነው። ፀሐይ የምትደርሰው በቅጠል መሃል ሾልካ፣ እየተቆራረጠች ነው። አየሩ እርጥብ ነው። መሬቱ የረገፈ ቅጠል ለዘመናት የበሰበሰበት፣ ስትረግጡት ለስለስ የሚል፣ ዝናቡን ጠጥቶ ትርፉን ወዲያው የሚያሳልፍ አፈር ነው። ሙቀቱ በአብዛኛው ከ15 እስከ 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ውርጭ የለም፣ ቃጠሎም የለም።

ይህን ጫካ በሐሳባችሁ ያዙት። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው።

ከብርሃን እንጀምር። ቡና ብርሃን ይፈልጋል፣ የቀትር ፀሐይ ግን አይችልም። ወደ ምሥራቅ የሚያይ መስኮት ካላችሁ ጨርሳችኋል፤ የጠዋቷ ፀሐይ ለዘብ ያለች ናት፣ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ብርሃኑ ይበቃዋል። ፀሐይ በቀጥታ የሚገባበት ሌላ መስኮት ብቻ ከሆነ ያላችሁ ስስ መጋረጃ ጣል አድርጉበት፣ ወይም ከመስታወቱ ሜትር ያህል አርቁት። አገሩ ግን ለውጥ ያመጣል። ሚኒሶታ ወይም ስቶክሆልም ያለ ሰው በክረምት ወራት ፀሐይዋ ደካማ ስለሆነች ወደ ደቡብ በሚያየው መስኮት ላይ ያለ ስጋት ሊያስቀምጠው ይችላል፤ እንዲያውም ያስፈልገዋል። ዱባይ ወይም ሪያድ ያለ ሰው ይህንን ካደረገ በሳምንት ውስጥ ቅጠሉን ያቃጥለዋል። አዲስ አበባም ብትሆን ከፍታዋ ስለሚያከርረው የቀትር ፀሐዩ ቀላል አይደለም፤ ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ያለ ጥላ የተቀመጠ ቡና መከራውን ነው የሚያየው።

በፀሐይ የተቃጠለ ቅጠል በቀላሉ ይለያል። ጉዳቱ ከጫፍ አይጀምርም። ለመስኮቱ ፊቱን በሰጠው የቅጠሉ ገጽ መሃል ላይ ነጣ ያለ፣ ገለባ የመሰለ ጠባሳ ያወጣል። ብርሃን ያነሰው ደግሞ ቀጥኖ ይመዘዛል፣ በቅጠልና በቅጠል መካከል ያለው ርቀት ይሰፋል፣ ወደ መስኮቱ ያጋድላል። ለዚህኛው ቦታ ቀይሩለት፤ በየሳምንቱም ሩብ ዙር ያህል አዙሩት።

ውሃው ላይ ነው ብዙ ሰው የሚስተው። ቡና ውሃ ሲጠማው ድራማ ይሠራል። ጠዋት ቀጥ ብሎ የነበረው ተክል ከሰዓት በኋላ ቅጠሉ ሁሉ እጥፍጥፍ ብሎ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ታገኙታላችሁ። ትደነግጣላችሁ። ውሃ ትሰጡታላችሁ፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ምንም እንዳልሆነ ቀና ይላል። ከዚያ በኋላ ነው ችግሩ የሚመጣው፤ ያ ድንጋጤ ሰውን በየቀኑ አጠጪ ያደርገዋል። ውሃ ሲበዛበት ደግሞ ሥሩ አየር ያጣና መበስበስ ይጀምራል። የበሰበሰ ሥር ውሃ መሳብ ስለማይችል ተክሉ በእርጥብ አፈር ላይ ቆሞ ይጠወልጋል። ልክ የተጠማ ነው የሚመስለው! ባለቤቱም ይጨምርለታል።

ስለዚህ ቅጠሉን አትመኑት፣ አፈሩን ጠይቁት። ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገቡ። ከላይ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህሉ ደርቆ ከስር ቀዝቀዝና እርጥብ የሚል ከሆነ ጊዜው ደርሷል፤ ከስር እስኪወጣ ድረስ አጠጡት፣ ሰሃኑ ላይ የተጠራቀመውን ድፉት። ጣታችሁ ላይ ጭቃ ከተጣበቀ ግን ተዉት። በበጋ ይህ በሳምንት ሁለቴ ሊሆን ይችላል፣ በብርድ ወቅት ደግሞ በሳምንት ወይም በአሥር ቀን አንዴ። በካሌንደር የሚጠጣ ቡና ብዙ ዕድሜ የለውም።

በነገራችን ላይ፣ በስጦታ የሚመጣው ቡና ብዙ ጊዜ የሚያብለጨልጭ፣ ከስር ቀዳዳ የሌለው ዕቃ ውስጥ ነው የሚገባው። ያማረው ዕቃ ለዓይን ነው። ተክሉ ቀዳዳ ባለው ተራ ፕላስቲክ ውስጥ ይሁን፣ ስታጠጡት አውጥታችሁ አጠጡት፣ ሲንጠባጠብ ቆይቶ ሲያበቃ መልሱት።

የውሃው ዓይነትም ነገር አለው። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ነገር የሚጋግር ከሆነ የቧንቧችሁ ውሃ ኖራ ይበዛበታል ማለት ነው። ቡና አሲዳማ አፈር ነው የሚስማማው፤ የአሲድነት መለኪያው ፒኤች ከ5 እስከ 6.5 ሲሆን ደስተኛ ነው። ኖራ ያለው ውሃ ወር ከወር ሲፈስበት አፈሩ ከአሲድነት ይወጣና ብረት የሚባለው ንጥረ ነገር እዚያው አፈር ውስጥ እያለ ተክሉ ሊወስደው አይችልም። ምልክቱ ከላይ ባሉት አዳዲስ ቅጠሎች ላይ ነው የሚታየው፤ ቅጠሉ ወደ ቢጫ ይሄዳል፣ ጅማቶቹ ግን አረንጓዴ እንደሆኑ ይቀራሉ፤ መረብ የተሳለበት ይመስላል። የዝናብ ውሃ ማጠራቀም ከቻላችሁ እሱን የሚያህል የለም፤ ካልሆነ የተጣራ ውሃ ቀላቅሉ። ቢጫው የሚጀምረው ከታች ባሉት አሮጌ ቅጠሎች ከሆነና ቅጠሉ በሙሉ የሚገረጣ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ናይትሮጅን አንሶታል፣ ወይም ውሃው በዝቷል። መጀመሪያ አፈሩን በጣታችሁ አጣሩ፣ ከዚያ ማዳበሪያ ፈልጉ።

እዚህ ላይ የጀበናውን አተላ ሳላነሳ ባልፍ ብዙ ሰው ይቀየመኛል። ቡና ተፈልቶ አበቃ፣ አተላው የት ይደፋ? ቡናው ላይ! ዘመዱን መልሶ ማጠጣት ነው እንግዲህ። እውነቱን ለመናገር አልመክርም። የተፈላ ቡና አሲዱ በአብዛኛው ከውሃው ጋር ስለሚወጣ አተላው ሰው እንደሚያስበው አፈሩን አሲዳማ አያደርግም። ከዚያ በላይ የሚያሳስበው ደቃቅነቱ ነው፤ አፈሩ ላይ ተጋግሮ አየርና ውሃ ይዘጋል፣ ቤት ውስጥ ደግሞ ይሻግታል። ጓሮ ያለው ሰው ከብስባሽ ጋር ቀላቅሎ ካቆየው በኋላ ይጠቀምበት። ጨውና ቅቤ የገባበት ቡና ከሆነማ ጭራሽ አታስጠጉት።

ማዳበሪያ ከፈለጋችሁ ለቤት ውስጥ ተክል የሚሸጠውን ፈሳሽ ማዳበሪያ ግዙና ጽሑፉ ላይ ካለው መጠን ግማሹን ስጡ፣ ተክሉ በሚያድግባቸው ሞቃት ወራት በወር አንዴ ሁለቴ። በብርዱ ወቅት አቁሙ። ሲበዛ ጨዉ አፈሩ ውስጥ ይቀርና የቅጠሉን ጫፍ ያቃጥለዋል።

ስለ ጫፍ ካነሳን፣ የቡናማው ጫፍ ዋና ምክንያት በውጭ አገር ላለ ሰው ማሞቂያው ነው። ክረምት ገብቶ ሂተሩ ሲበራ የቤቱ አየር እንደ በረሃ ይደርቃል። በመርጫ ውሃ እርጭ እርጭ ማድረግ ደስ ይላል እንጂ ብዙ አይጠቅምም፤ በደቂቃዎች ውስጥ ተንኖ ያልቃል። የተሻለው ተክሉን ከማሞቂያው ማራቅ ነው። ተክሎችን አንድ ላይ መሰብሰብም ያግዛል። ሰፊ ሰሃን ላይ ጠጠር ሞልታችሁ ውሃ ጨምሩበትና ተክሉን ጠጠሩ ላይ አስቀምጡት፤ የዕቃው ቂጥ ውሃውን እንዳይነካ ብቻ ተጠንቀቁ። መስኮት ያለው መታጠቢያ ቤት ያለው ሰው ዕድለኛ ነው። ገልፍ አገር ያላችሁ ደግሞ ኤሲው በቀጥታ እንዳይነፍስበት አድርጉ፤ ደረቅና ቀዝቃዛ ንፋስ አንድ ላይ ሲመጡበት ቅጠሉን በአንድ ጊዜ ሊያራግፍ ይችላል።

ብርድን በተመለከተ አጭር ነው። ከ10 ዲግሪ በታች ይጎዳል፣ ውርጭ ይገድለዋል። በበጋ ውጭ ጥላ ስር ብታወጡት ይወዳል፤ ሌሊቱ ወደ 12 ዲግሪ መውረድ ሲጀምር አስገቡት። በክረምት ከሱቅ ስትገዙ ወረቀት ጠቅልላችሁበት ውሰዱት፣ ከመኪናው እስከ በሩ ያለችው መንገድ ትበቃዋለች ለመጎዳት።

አሁን ወደ አንድ የሱቅ ብልሃት እንምጣ። አውሮፓ ውስጥ በትንሽ ዕቃ የሚሸጠውን ለምለም ቡና ገዝታችሁ ከሆነ አፈሩ ላይ ዝቅ ብላችሁ ግንዱን ቁጠሩ። አምስት፣ ስድስት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ችግኝ ባንድ ላይ ነው የተዘራው፤ ሞላ ብሎ እንዲታይ። ለጊዜው ያምራል፣ በዓመቱ ግን እርስ በርሱ ሲሻማ ከታች ይራቆታል። ወይ ጠንካራዎቹን አንድ ሁለት አስቀርታችሁ ሌሎቹን ከአፈሩ ጋር አስተካክላችሁ በመቀስ ቁረጧቸው፣ ወይ ገና ትንንሽ ሳሉ ሥራቸውን በለብታ ውሃ አላልታችሁ ለየብቻ ትከሏቸው። ስትለዩ ወደ ታች የሚወርደው ዋናው ሥር እንዳይታጠፍ፤ ታጥፎ የተተከለ ቡና ለጊዜው ይኖራል፣ በኋላ ግን አያድግም። የአገራችን የችግኝ ጣቢያ ሠራተኞች በረጃጅም ፕላስቲክ የሚዘሩት ያለ ምክንያት አይደለም። እናንተም ከስፋቱ ይልቅ ጥልቀቱን ምረጡ። አፈሩ የተዘጋጀ የአበባ አፈር ላይ ብስባሽና ጥቂት ሻካራ ነገር፣ አሸዋም ሆነ ፐርላይት የሚባለው ነጭና ቀላል ጠጠር፣ ተጨምሮበት ይሁን። ከዚያ በሁለት ዓመት አንዴ ያህል፣ በጸደይ፣ አንድ ቁጥር ከፍ ወዳለ ዕቃ ማዛወር ይበቃል።

«ከፍሬ ማብቀልስ?» ለሚል፦ ይቻላል። የተቆላ ቡና አይበቅልም፣ ይህን መቼም ሁሉም ያውቃል። ግን ከሱቅ የተገዛ ጥሬ ቡናም ብዙ ጊዜ አይበቅልም፤ የቡና ዘር እንደ ጤፍና ስንዴ ዓመት ከዓመት የሚቀመጥ አይደለም፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ነፍሱ ይወጣል። የሚያስተማምነው ቀይ እሸት ነው። ሥጋውን ላጡት፣ ፍሬውን እጠቡት፣ ጥላ ላይ ጥቂት ቀን አናፍሱትና ቶሎ ዝሩት። ጠፍጣፋ ጎኑን ወደ ታች አድርጉ፣ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል አፈር አልብሱት። ሞቅ ያለ ቦታ ከሆነ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ይፈጅበታል፣ ቀዝቀዝ ካለ እስከ ሦስት። ብዙ ሰው በአምስተኛው ሳምንት ተስፋ ቆርጦ ይደፋዋል።

ሲበቅልም ለዓይን ያስቃል። ቀጭን ግንድ አፈሩን ሰንጥቆ ይወጣል፣ ጫፉ ላይ ፍሬዋን ከነልባሷ ተሸክሞ፤ እንስራ አናቷ ላይ አድርጋ የምትነሳ ልጅ ትመስላለች። በዚህ ሁኔታ ሳምንታት ትቆያለች። እጃችሁን ሰብስቡ! ልባሱን ለማላቀቅ ስትጎትቱ ውስጥ ያሉት ቅጠሎች ይቀደዳሉ። ደርቆ ከተጣበቀ ብቻ ውሃ ነካ አድርጋችሁ አለስልሱት። ከዚያ ሁለት ክብ፣ ዳራቸው ሞገድ ሞገድ ያለ ቅጠሎች ይዘረጋሉ። የቡና ቅጠል አይመስሉም፣ አረም መስሎት የሚነቅለው ሰው አለ። የምናውቀው ሹል፣ አብረቅራቂ ቅጠል ቀጥሎ ጥንድ ጥንድ እየሆነ ይመጣል።

ከአገር ቤት ችግኝ ከነአፈሩ በሻንጣ ለመውሰድ የምታስቡ ካላችሁ እርሱት። አሜሪካም አውሮፓም ያለ ፈቃድና የጤና ምስክር ወረቀት አያስገቡትም፤ ኤርፖርት ላይ ይወሰድባችኋል፣ ምክንያታቸውም ተገቢ ነው፣ አፈር በሽታ ይጭናል።

አንድ የማይገባ ድንጋጤ ላስቀርላችሁ። ቅጠሉን ገልብጡትና አውራው ጅማት ከጎን ጅማቶቹ ጋር የሚገናኝበትን ብብት ተመልከቱ። ጥቃቅን ጉድጓዶች አሉ፤ በላይኛው ገጽ ደግሞ ጉብ ጉብ ብለው ይታያሉ። በሽታ አይደለም፣ ተባይም አልወጋውም። ቡና ሲፈጠር ጀምሮ እንደዚያ ነው። በጫካው ውስጥ በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ ነፍሳት ይኖሩባቸዋል፣ ብዙዎቹም ሻጋታና ሌሎች ተባዮችን የሚበሉ ናቸው። መድኃኒት እንዳትረጩበት።

እውነተኛው ተባይ ሌላ ነው። ግንዱ ላይ የተለጠፈ፣ በጥፍር ስትፍቁት የሚነሳ ቡናማ ቅርፊት የመሰለ ነገር፤ ወይም በቅጠሉ ብብት ውስጥ ጥጥ የመሰለ ነጭ። ሁለቱም የተክሉን ፈሳሽ ይመጥጣሉ፣ የሚያጣብቅ ነገርም ይጥላሉ። ሳሎኑ ወለል ላይ እግር ያዝ ሲያደርጋችሁ መጀመሪያ ቡናውን ጠርጥሩ። ጥጥ በአልኮል ነክራችሁ አንድ በአንድ ጥረጓቸው፣ ቀጥላችሁ በቀላል የሳሙና ውሃ እጠቡት፣ በሳምንቱ ድገሙት። አንድ ጊዜ ጠርጎ የተወ ሰው መልሶ ያገኛቸዋል፣ እንቁላላቸው ስለሚቀር። ደረቅ አየር ላይ ደግሞ ስስ ድር የሚያደሩ ጥቃቅን ነገሮች ይመጣሉ፤ ለእነሱ ሻወር ስር ቅጠሉን ከታችም ከላይም ማጠብ ነው ፍቱኑ።

ድመት ወይም ውሻ ያላችሁ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ቅጠሉም ፍሬውም ካፌይን አለው፣ ለእንስሳቱ መርዝ ነው። ለእኛ አይደለም፤ ሐረር ላይ ቁጢ የሚፈላው ከቡና ቅጠል ነው። ግን ለጌጥ ተብሎ ከሱቅ የተገዛ ተክል ምን እንደተረጨበት ስለማይታወቅ ቁጢያችሁን ከዚያ አታፍሉ።

መግረዝን የማነሳው ለአንድ ነገር ነው። ቡና ሁለት ዓይነት ቅርንጫፍ አለው፤ ወደ ላይ የሚሄደው ግንድና ወደ ጎን የሚዘረጋው። የግንዱን ጫፍ ብትቀነጥቡ ከስሩ ካሉት ሁለት ብብቶች ሁለት አዲስ ግንድ ይወጣል፣ ተክሉም ደንደን ይላል። የጎን ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ ብትተክሉ ግን ሥር ቢያወጣም ዕድሜውን ሙሉ ወደ ጎን ነው የሚሄደው፤ ዛፍ አይሆንላችሁም። ለመትከል የምትቆርጡት ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ ከወጣው ይሁን።

ፍሬስ? በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት፣ ብርሃን ካላጠረው። አረቢካ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ስለሆነ አንድ ተክል ብቻውን ያፈራል፣ ጓደኛ መፈለግ የለባችሁም። የአበባው ምስጢር ደግሞ ጫካው ውስጥ ነው። እንቡጡ በደረቁ ወራት ተኝቶ ይቆያል፣ የመጀመሪያው ደህና ዝናብ ሲወርድ ይነቃል። እናንተም በብርዱ ወቅት ማብቂያ ለጥቂት ሳምንታት ውሃውን ቀንሱለት፣ ቅጠሉ እስኪጠወልግ ሳታደርሱት፤ ከዚያ አንድ ቀን በደንብ አርኩት። ከተሳካ በሳምንት ከምናምን ውስጥ ነጫጭ አበቦች በጎን ቅርንጫፎቹ ላይ ይደረደራሉ፣ ቤቱን ጃስሚን ጃስሚን የሚል መዓዛ ይሞላዋል። ሁለት ሦስት ቀን ነው የሚቆየው። በዚያ ጊዜ ቅርንጫፉን ቀስ ብላችሁ ነቅነቅ አድርጉት፣ ቤት ውስጥ ንፋስም ንብም የለም። ፍሬው ከአረንጓዴ ወደ ቀይ እስኪደርስ ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ ወር ይፈልጋል።

ለቡና ማፍያ ግን አትቁጠሩበት። አሥር ግራም የተቆላ ቡና ወደ 70 ፍሬ ገደማ ነው፣ ይህም 35 ያህል እሸት ማለት ነው። ለአንድ ጀበና የሚሆን ከሳሎን ተክል ለቅሞ ማፍላት ትልቅ ትዕግሥት ይጠይቃል። እኔ ብሆን እሸቱን እዘራው ነበር።

ይህን ሁሉ ሰምቶ «ቡና እኮ የጫካ ተክል ነው፣ ዕቃ ውስጥ አይኖርም» የሚል አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1706 ከጃቫ የመጣ የቡና ተክል አምስተርዳም የዕፅዋት ማዕከል ውስጥ ገባ፤ በ1714 ደግሞ የከተማዋ ሹማምንት አንድ ተክል ለፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ በስጦታ ላኩ፣ ፓሪስ ላይ በመስታወት ቤት ውስጥ ተቀመጠ። የዚያ ብርድ አገር ኑሮ ከብዙዎቻችሁ ሳሎን የባሰ ነበር። ከእነዚህ ጥቂት ተክሎች ዘር የተነሳ ነው በላቲን አሜሪካ ያለው ቡና ብዙው እርስ በርሱ የቅርብ ዘመድ የሆነው፤ የእኛ ጫካ ደግሞ በአንጻሩ እጅግ የበዛ ልዩነት ያለው።

የመጨረሻዋ ጥያቄ ሁልጊዜ ይቺ ናት፦ «ቅጠሉ በሙሉ ረግፎ እንጨቱ ብቻ ቀረ፣ ልጣለው?» አትቸኩሉ። ግንዱን በጥፍራችሁ ትንሽ ፋቅ አድርጉት። ከቅርፊቱ ስር አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ ሕይወት አለው። ገበሬዎች ያረጀ ቡና ከመሬት ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ አስቀርተው ይቆርጡታል፣ ጉንደላ ይሉታል፣ ከጉቶው አዲስ ግንድ ያወጣል። እናንተም አረንጓዴው እስከሚያልቅበት ድረስ ወርዳችሁ ቁረጡት፣ የበሰበሰ ሥር ካለ አስወግዱ፣ በአዲስ አፈር መልሱት፣ ውሃውን ቆጥባችሁ ሁለት ወር ጠብቁት። ፋቅ ስታደርጉት እስከ ታች ድረስ ቡናማና ደረቅ ከሆነ ግን አበቃለት፤ ዕቃውን አጥባችሁ ሌላ ትከሉበት።